በአነስተኛ ገንዘብ ስለ ተገዛ ግራፊክስ ካርድ

ስለ ጨዋታ መጻፍ ቀልድ መስሎ ያስወቅሳል። ተማሪ የሆነ ሰው ገንዘቡን ለመጽሐፍ፥ ለልብስና ለመንገድ ያውለዋል እንጂ ለኮምፒዩተር ጨዋታ ያፈሰዋል ብሎ የሚገምት ወላጅ የለም፤ ገምቶም ዝም የሚል የለም። ይሁን እንጂ ማታ ማታ ከየዶርሙ የሚሰማው ጩኸት ሁሉ የጥናት ጩኸት እንዳልሆነ እኛ ተማሪዎች እርስ በርሳችን ስለምንተዋወቅ፥ ነገሩን ሸፍኖ ከማለፍ ይልቅ፥ ገንዘቡ መውጣቱ ካልቀረ በዕውቀት እንዲወጣ ማድረጉ የሚሻል መሰለን። ስለዚህ እኛ አራት የጎረቤላ ልጆች በ2017 ዓ.ም. ክረምት አንድ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ያደረግነውን ምርመራና ክርክር ለጓደኞቻችን እናቀርባለን።

ጎረቤላን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ሁለት ቃል እንበል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ ደጋው አልቆ ገደሉ ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት አፋፍ ላይ የምትገኝ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። የነገሥታቱ ግቢ የነበረበት ኮረብታ ከአጠገቧ ነው። ክረምት በሆነ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ይመጣና የጎረቤትን ጣራ ሳይቀር ይሸፍነዋል። ኳስ ሜዳው ጭቃ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወጣቱ ከቤት ይውላል። በዚህ ጊዜ በአንድ ቤት አንድ ኮምፒዩተር ካለ አራት ሰው ከፊቱ መቀመጡ የማይቀር ነው።

ኮምፒዩተሩ የአንደኛው ጓደኛችን አጎት ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዙት አሮጌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ይህን ዓይነቱን ሳጥን ያውቁታል። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ተብሎ የተሠራ፥ ቀጭን፥ ጠንካራ፥ ጥቁር ሳጥን ነው። ውስጡ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፥ 4 ጊጋባይት ራምና አንድ ሐርድ ዲስክ አለው። ግራፊክስ ካርድ ግን የለውም፤ ስዕሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ በትርፍ ጊዜው ነው ማለት ይቻላል። የ2013 ፔስ ይሄድለታል። ጂቲኤ 5 የተከፈተ እንደሆነ ግን ሰውዬው አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆሞ ያስባል፤ እንደ ገና አንድ እርምጃ ይራመዳል።

ካርድ ለምን አስፈለገ ለሚል፥ አንድ ተራ ስክሪን በወርዱ 1,920፥ በቁመቱ 1,080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ጨዋታው ሳይንገጫገጭ እንዲሄድ እነዚህ ነጥቦች ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ መቀባት አለባቸው፤ ይህም ከ124 ሚሊዮን በላይ ቅብ ነው። የኛ ፕሮሰሰር አራት ኮር አለው፤ ማለት አራት ብርቱ ገበሬዎች እንደ ማለት ነው። አራት ብርቱ ገበሬዎች የገብሱን ማሳ ያጭዱታል፤ ነገር ግን እስኪጨርሱ ዝናቡ ይመጣባቸዋል። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ደቦ ነው። የያንዳንዱ ሠራተኛ ጉልበት ትንሽ ነው፤ ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ ያጎነብሳሉ። ኋላ የምናነሣው ጂቲኤክስ 1650 የተባለው ካርድ 896 እንደዚህ ያሉ ትናንሽ ሠራተኞች አሉት።

እንግዲህ መዋጮ ተዋጣ። 18,000 ብር ሞላ። ገንዘቡም የተገኘው በዋዛ አይደለም፤ አንዱ በእረፍት ወራት ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቶ፥ አንዱ ከወር ወጪው ቆጥቦ፥ አንዱ ከታላቅ እኅቱ ለምኖ፥ የአንደኛው ድርሻ ደግሞ እናቱ አንድ በግ ሸጠው ለትምህርት መሣሪያ ብለው ከሰጡት ላይ ነው። እኒህ እናት ነገሩን ሰምተው ጠሩን።

«ለመሆኑ ልጆቼ፥ ይኼ የምትገዙት ነገር ምን ያደርጋል?» አሉን።

«እማማ፥ ስዕል ያሳያል።»

«ቴሌቪዥኑስ ስዕል ያሳይ የለም እንዴ?»

«ይኼኛው እኛ ያዘዝነውን ስዕል ነው የሚያሳየው።»

ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ደግ ነገር እዘዙት» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ይህ ቃል በክርክራችን መካከል ደጋግሞ እየመጣ ሥራ አበዛብን። ከአራታችን አንዱ ብሌንደር በተባለው ፕሮግራም ቅርጽ መሥራት ይማራል፤ የአንኮበርን ኮረብታ፥ ገደሉንና የጥዱን ደን በኮምፒዩተር ውስጥ አቁሞ ሰው እንዲመላለስበት ለማድረግ ከተነሣ ዓመት ሆኖታል። እስካሁን የጨረሰው ኮረብታውን ብቻ ነው፤ ጥዱ ሲጨመር ሳጥኑ ደርቆ ይቆማል። ስለዚህ ካርዱ ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለዚህም የሚሆን መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። በአገራችን ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸውን ለመጥቀስ ያህል፥ ቅኔ ጌምስ የተባለው የኢትዮጵያውያን ድርጅት ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ጨዋታ ሠርቶ አውጥቷል። ያን ለመጫወት ስልክ ይበቃል፤ ሌላ ለመሥራት ግን ከስልክ የሚበልጥ ነገር ያሻል።

ሁለተኛው ጓደኛችን በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ አይቶ መጣ፤ አርኤክስ 580፥ 8 ጊጋባይት፥ ያገለገለ፥ ዋጋውም ከመዋጮአችን በታች። በወረቀት ላይ ከዚህ የሚሻል አልነበረም። ይህ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ 229 ዶላር የተሸጠ ብርቱ ካርድ ነው፤ 8 ጊጋባይቱም ሌሎቹ ካላቸው እጥፍ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚሁ ካርድ ስንከራከር ከቆየን በኋላ ነው፥ ከመካከላችን አንዱ ጠመንዛዥ አምጥቶ የሳጥኑን ክዳን የከፈተው።

በፓወር ሰፕላዩ ጎን የተለጠፈው ወረቀት 255 ዋት ይላል። የፕሮሰሰሩ ፍጆታ እስከ 84 ዋት ይደርሳል። አርኤክስ 580 ለብቻው 185 ዋት ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደመሩ 269 ይሆናሉ፤ ዲስኩ፥ ራሙና ማራገቢያው ገና አልተቆጠሩም። ከዚህም በላይ ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ የራሱን ሽቦ ይሻል፤ የኛ ሳጥን ያ ሽቦ ጭራሽ የለውም። ፓወር ሰፕላዩን እንቀይረው ቢባል ደግሞ፥ እንደዚህ ያሉ የመሥሪያ ቤት ሳጥኖች ፓወር ሰፕላይ ቅርጹም የሽቦው ጫፍም ለብቻው ነው፤ ከገበያ የሚገዛው ተራው አይገጥምም። ካርዱ ራሱም ረጅምና ሰፊ ስለ ሆነ ክዳኑ አይዘጋም። በዚህ ዓይነት አርኤክስ 580 ሳይገዛ ተሰናበተ። ጓደኛችን ለሁለት ቀን ያህል አኩርፎ ነበር።

ከዚህ የምንመክረው ነገር ቢኖር፥ ማንም ሰው የካርድ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የገዛ ሳጥኑን ከፍቶ ይይ የሚል ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ መሰኪያ በራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ሌላ ሽቦ ለሌለው ሳጥን ወሰኑ ይኸው 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ስሙ ቢጠራም አይመለከተውም። ቀጥሎ በማስመሪያ ቁመቱን መለካት ነው። የኛ ቀጭን ስለ ሆነ የሚገባበት ግማሽ ቁመት ያለው፥ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው ካርድ ብቻ ነው። ከዚያም ስክሪኑን ማየት ነው፤ የኛ አሮጌ ሞኒተር ቪጂኤ ብቻ ሲኖረው፥ የዘመኑ ካርዶች ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት እንጂ ቪጂኤ የላቸውም፤ ስለዚህ ለመቀየሪያው ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

75 ዋቱን በር ያለፉት እጩዎች ጥቂት ናቸው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፥ 4 ጊጋባይት ያለው፥ በየሱቁ የሚገኝ የድኻ ወዳጅ። ነገር ግን ልክ እኛ ስንከራከር በነበረበት ክረምት ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ የሚያወጣውን የጨዋታ ድራይቨር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 እንደሚያቆም፥ ከዚያ ወዲያ እስከ 2028 የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። አሮጌ ጨዋታ ለሚጫወት ይህ ምንም አይደለም። ካርዱን አምስት ዓመት ለማቆየት ላሰበ ግን አዝማሚያው አያምርም።

አርኤክስ 6400 አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው፤ 53 ዋት ብቻ ይበላል፤ አንድ ክፍተት ብቻ የሚይዝ ቀጭን ሆኖ ይገኛል፤ ለኛ ሳጥን የተሰፋ ይመስላል። ሦስተኛው ጓደኛችን በዚህ ጸና። ነገር ግን ይህ ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መሥመር ብቻ ነው። አዲሱ ማዘርቦርድ ላይ መሥመሩ ፈጣን ስለ ሆነ አራቱ ይበቃሉ፤ እንደኛ ባለው አሮጌ ላይ ግን የያንዳንዱ መሥመር ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። የካርዱ 4 ጊጋባይት ሞልቶ ከዋናው ራም መበደር በጀመረ ጊዜ ጠባቡ በር ላይ ወረፋ ይሆናል። ሌላም ጉድለት አለው፤ ቪዲዮ የመቅረጫ ክፍል ተነሥቶለታል፤ ጨዋታውን ቀርጾ ለሰው ለማሳየት የሚፈልግ ሰው ሥራውን መልሶ በፕሮሰሰሩ ላይ ይጭናል። ለአዲስ ሳጥን ደግ ካርድ ነው፤ ለአሮጌ ሳጥን ግን የከተማ ጫማ ለገጠር መንገድ እንደ ማለት ነው።

አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ፥ 70 ዋት የሚበላ፥ ከሁሉ የሚበልጥ። እርሱን ዓይናችን አየው፤ ኪሳችን ግን አላየውም።

የቀረው ጂቲኤክስ 1650 ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በ149 ዶላር የወጣ፥ 75 ዋት የሚበላ፥ በአሥራ ስድስቱም መሥመር የሚነጋገር፥ ድራይቨሩም ያልተቋረጠ ነው። ብሌንደርም በኩዳ አማካይነት ይጠቀምበታል፤ የኮረብታው ጓደኛችን ያን ሲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገፈ። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻዋል፤ አንዳንዱ አምራች በዚሁ ስም ተጨማሪ ሽቦ የሚፈልግ ዓይነት ስለሚሠራ፥ ሲገዙ የካርዱን ጫፍ አይቶ የሽቦ መሰኪያ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

አሁን ስለ ዋጋው እንነጋገር፤ በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በዶርም የሚወራው ወሬ ልክ ስላልሆነ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር። በዚያ ሒሳብ 149 ዶላር 8,500 ብር ገደማ ነው። ከዓመት በኋላ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሆነ፤ ያው 149 ዶላር ከ19,000 ብር ተሻገረ፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይጨመር። ካርዱ አላደገም፤ እንዲያውም አርጅቷል። እያረጀ ዋጋው የሚጨምር ዕቃ በአገራችን መኪና ብቻ ይመስለን ነበር።

«ዋጋውን ያስወደዱት በአገራችን ቢትኮይን የሚቆፍሩት ናቸው» የሚሉም አሉ። እነዚያ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት መሣሪያ አንድ ዓይነት ስሌት ብቻ እንዲሠራ ተለይቶ የተሠራ ነው እንጂ ግራፊክስ ካርድ አይደለም፤ ከኛ ጋር የሚሻሙት ካርድ ሳይሆን መብራት ነው። በካርድ ይቆፈር የነበረው ኢቴሪየም የተባለው ገንዘብ ነው። በእርሱ ምክንያት በ2020ና በ2021 እ.ኤ.አ. ካርድ ከዓለም ገበያ ጠፍቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 አሠራሩ ሲለወጥ ግን ካርዶቹ ሥራ ፈትተው እየተራገፉ ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ፈሰሱ። ጓደኛችን በቴሌግራም ያየው አርኤክስ 580 ከእነዚህ አንዱ ቢሆን አይገርመንም። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ታላላቅ ድርጅቶች ራሙን ጠርገው ስለ ወሰዱት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ናረ። የጎረቤላ ተማሪ የሚከፍለውን ዋጋ ጎረቤላን በካርታ ላይ አግኝተው የማያውቁ ሰዎች ይወስኑታል ማለት ነው።

ይህ ለአንኮበር አዲስ ነገር አይደለም ብሎ ያሳቀን የታሪክ ተማሪ ጓደኛ አለን። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር ውል ሲያደርጉ የባዕድ አገር ዕቃ በበቅሎና በግመል ተጭኖ ያን ገደል ወጥቷል፤ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም በ1871 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ የመጣው ወደዚሁ ወደ አንኮበር ነው። ከሩቅ የመጣ ዕቃ ለዚህ አገር ይስማማል አይስማማም የሚለው ክርክር በዚያ አፋፍ ላይ ከኛ በፊትም ነበር። ልዩነቱ እነርሱ ግምጃ ቤት ነበራቸው፤ እኛ 18,000 ብር አለን።

ለመግዛት ሁለት ሰው ወደ አዲስ አበባ ተላከ። መርካቶ ውስጥ በአንድ ሱቅ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው ተብሎ በጣም በረከሰ ዋጋ የቀረበላቸው ካርድ ከኋላው ቪጂኤ መሰኪያ ነበረው። ለኛ ሞኒተር ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን የእውነተኛው 1050 ቲአይ ትውልድ የቪጂኤ ድምፅ እንኳ አያውቅም። አሮጌ ካርድ ስሙ ተለውጦ ሲሸጥ ኮምፒዩተሩ ራሱ በአዲሱ ስም ይጠራዋል፤ ስለዚህ የዊንዶውስን ቃል ብቻ አምኖ መግዛት አደጋ ነው። ልጆቹ ጂፒዩ-ዜድ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ስለ ሄዱ ሰክተው አዩት፤ ፎርጅድ መሆኑን በግልጽ ጽፎ አሳያቸው። ባለ ሱቁም አልተቆጣም፤ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ሌላ አወጣ።

በሦስተኛው ሱቅ ያገለገለ፥ ግማሽ ቁመት ያለው፥ ሽቦ የማይሻ ጂቲኤክስ 1650 በ14,500 ብር ተገኘ። ከመክፈላቸው በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ አስይዘው ሙቀቱን አዩ፤ ማራገቢያዎቹ ሳይንቀጠቀጡ መዞራቸውን አዩ፤ ለግማሽ ቁመት ሳጥን የሚሆነው አጭሩ ብረት ከካርዱ ጋር መኖሩን ጠየቁ። ይህን ብረት ሳይጠይቅ የሚመለስ ሰው ካርዱን በእጁ ይዞ ሳጥኑን ሲያይ ይውላል። ከዚያ በሹራብ ተጠቅልሎ፥ በጭን ላይ ሆኖ፥ በደብረ ብርሃን በኩል ጎረቤላ ገባ።

ከቀረው ገንዘብ ለቪጂኤው መቀየሪያ፥ አንድ ያገለገለ 4 ጊጋባይት ራምና ትንሽ ስታቢላይዘር ተገዛ። ስለ ስታቢላይዘሩ ክርክር አልነበረም። በክረምት መብራት ሲሄድ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ተንቀጥቅጦ ሲመጣ ነው። ብርዱ ግን ጠቀመን፤ በጎረቤላ ነሐሴ የካርዱ ማራገቢያ እንደ አዲስ አበባው ሱቅ አይጮህም።

ጂቲኤ 5 አሁን ሰውዬው ሳይቆም ይሮጣል። የኳሱ ጨዋታ አዲሱ ግን ሌላ ነገር አሳየን፤ የ2024ቱ ኤፍሲ ከካርድ በኩል የሚጠይቀው ዝቅተኛው 1050 ቲአይ ስለ ሆነ የኛ ካርድ ያልፋል፤ ከፕሮሰሰር በኩል ግን የሚጠይቀው ስድስተኛ ትውልድ አይ5 ነው፤ የኛ አራተኛ ነው። ስለዚህ ኳሱን በፔስ መጫወታችንን አልተውንም። የኮረብታው ጓደኛችን ጥዱን ተክሎ ጉም ጨምሮበታል፤ ጉሙ ሲጨመር ካርዱ ይደክማል፤ ቢሆንም ሳይደርቅ ይጨርሳል። እኒያ እናት አንድ ቀን መጥተው ስክሪኑን አይተው «የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በዚህ በኩል አይደለም» ብለው አረሙት፤ እርማቱም ተቀባይነት አግኝቶ መንገዱ ተዛውሯል።

ስለ አጠቃቀሙ በአንድ ገጽ ውል ተጽፏል። ከሰዓት በፊት ለብሌንደር፥ ከሰዓት በኋላ በተራ ለጨዋታ፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለማንም። ካርዱ የተሸጠ እንደሆነ ገንዘቡ እንደ መዋጮው መጠን ይከፈላል፤ የበጉ ድርሻ ግን አስቀድሞ ይመለሳል።

አሁን የጎደለን ራም ነው። ሳጥኑ 8 ጊጋባይት ደርሷል፤ 16 እንዲሆን እንፈልጋለን። ዓይነቱ ዲዲአር 3 ነው፤ አሮጌ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ተጥሎ ይኖራል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ከተበላሸ የመሥሪያ ቤት ዴስክቶፕ የወጣ ያለው ካለ (የላፕቶፑ አይገጥምም) በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት መልእክት ይተውልን፤ በተመጣጣኝ ዋጋ እንገዛለን።